ለእንግዳ የማይቀርብ ጣፋጭ

የካቲት 7 ሲቃረብ አዲስ አበባ ቀይ በቀይ ትሆናለች። በየሱቁ መስኮት ፊኛ ይንጠለጠላል፤ አበባ ሻጮች ዋጋ ይጨምራሉ፤ የልብ ቅርጽ ያለው የቸኮላት ሣጥንም ከመደርደሪያው ጥግ ወጥቶ ፊት ለፊት ይደረደራል። «የፈረንጅ በዓል ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ አሉ። በዓሉ የፈረንጅ ለመሆኑ ክርክር የለኝም። ለወደዷት ልጅ አንድ ነገር ማቀበል ግን የፈረንጅ አይደለም፤ በጥምቀት ሎሚ የሚወረውረውን ጎረምሳ ፈረንጅ አላስተማረውም። ሎሚው ርካሽ ነው፣ ሣጥንም የለው። የእኔ ጣጣ ከሣጥኑ ጋር ነው።

ቸኮላትን በልብ ቅርጽ ሣጥን ሞልቶ ለፍቅረኞች ቀን ገበያ ያወጣው ሪቻርድ ካድበሪ የተባለው እንግሊዛዊ ነው፤ ዘመኑም 1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። ሣጥኑ የተዋበ በመሆኑ ቸኮላቱ ካለቀ በኋላ ደብዳቤና ማስታወሻ ይቀመጥበት ነበር። ሰውየው ገበያ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እኔም በ2009 ዓ.ም. አንዱን ሣጥን ይዤ ገባሁ። የጻፍኳቸው ጽሑፎች ክፍያ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን እጄ የገባበት ሰሞን ስለ ነበረ በዋጋው አልተከራከርኩም። ባለቤቴ ሪባኑን ፈታች፤ ወርቃማው ወረቀት እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ ገለጠችው፤ አንድ አነሣችና ግማሹን ገምጣ ግማሹን አጎረሰችኝ። ከዚያ ክዳኑን መለሰች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። «ለፋሲካ እንግዳ ይሆናል» አለችና ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አኖረችው።

አልተቀየምኩም። ውድ ነገር በእኛ ቤት፣ ምናልባት በእናንተም ቤት፣ የእንግዳ ነው። እናቶቻችን በደህናው ሲኒ ራሳቸው ጠጥተውበት አያውቁም። ሰማያዊውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ክርና መርፌ ያላገኘ የከተማ ልጅም ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴ ደግሞ የስድስት ልጆች ታላቅ ናት። ታላቅ ሴት ልጅ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ የሆነችው ታውቀዋለች፤ ሥጋው ሲከፈል አጥንቱ የእሷ ነው፣ ከአጎት የመጣው ሹራብ ለታናሽ ይሆናል፣ «የአንቺ ነው» ተብሎ የተሰጣት ዕቃ በማግሥቱ የቤቱ ነው። አሁን ማንም አያስገድዳትም። እጇ ለምዶታል።

የፋሲካ ዕለት ሣጥኑ ተከፈተ። ቸኮላቶቹ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ወጥቶባቸዋል። አንዲት አክስት «ሻግቷል እንዴ?» ብለው አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረጉት። አልሻገተም። የካካዎው ቅባት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይረጋል፤ መልኩን ቢያበላሽም የበላውን ሰው አይጎዳም። ይህን ሳስረዳ ሣጥኑ በእንግዶቹ መካከል ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። ለባለቤቴ የደረሳት ያቺ የየካቲቷ ግማሽ ብቻ ነበረች። ሣጥኑ ዛሬም አለ፤ የልጃችን የክትባት ካርድና የመብራት ደረሰኝ ይቀመጥበታል።

በ2010 ዓ.ም. የካቲት 7 ረቡዕ ዋለ፤ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን። ሣጥን የሚገዛ ገንዘብ አልነበረም፤ ቢኖርስ ወተት የገባበት ቸኮላት ለጾመኛ ምን ይሠራል? በቤት፣ በርካሽ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ ማሰላሰል ጀመርኩ።

የካካዎ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ሆላንዳውያኑ ቫን ሃውተኖች ቅባቱን ከፍሬው በመጭመቂያ የሚለዩበትን ዘዴ አስመዘገቡ። ከመጭመቂያው የሚተርፈው ደረቅ ነገር ሲፈጭ ከሱቅ በቆርቆሮ የምንገዛው የካካዎ ዱቄት ይሆናል። ቆየት ብሎ በ1847 የብሪስቶሉ የፍራይ ኩባንያ ያንኑ ቅባት ከካካዎና ከስኳር ጋር መልሶ ቀላቅሎ የሚገመጥ ቸኮላት አወጣ። ይህ ቅባት የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከሰው አፍ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ። ምላስ ላይ ሲቀመጥ ያለ ማኘክ የሚሟሟው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮውን የገዛ ሰው ጣዕሙን ገዝቷል፤ የጎደለው ቅባቱ ነው። የሚጾም ቅባት ደግሞ በጾም ሰሞን በአዲስ አበባ ሱቆች ሞልቷል፤ የለውዝ ቅቤ። የካካዎን ቅባት አይተካም፣ እንደሱም አይሟሟም። ቢሆንም አብሮት ይዋደዳል።

ሁለት መቶ ግራም ያህል የለውዝ ቅቤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌ በሚፈላ ውሃ እንፋሎት አለሰለስኩ። አራት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ስድስት ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ስኳሩ እንዳለ ከገባ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ መውቀጥና በወንፊት መንፋት ግድ ነው። በሙቀጫ ምርጫ ላይ አደራ! የበርበሬው ሙቀጫ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታውን አይለቅም። የቡናው ሙቀጫ ግን ሽታው ራሱ ውለታ ይውላል፤ ካካዎና ቡና ይስማማሉ። በመጨረሻ የወፈረ ቡና አንድ ማንኪያ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ድብልቁ ጠንከር ብሎ ሊጥ ይሆናል። ቀዝቅዞ ሲረጋ በመዳፍ እያድበለበልኩ በካካዎ ዱቄት ላይ አንከባለልኩት። ሃያ አራት ወጣው።

አማቴ በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ነበሩ። ወንድ ማጀት ሲገባ ማየት የማይጥማቸው ሰው ናቸው፤ ሽታው ግን ጎትቷቸው መጡ።

«በሶ ጭብጦ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ ትሪውን እያዩ። «መንገድ አለብህ?»

እውነት ለመናገር ከዚያ የተሻለ ገለጻ አይገኝለትም። ጭብጦ ነው፤ አሠራሩም የጭብጦ ነው።

«ቸኮላት ነው እማዬ፤ ለእሷ ነው» አልኳቸው።

አንዱን አንሥተው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። የመግደፊያው ሰዓት አልደረሰም ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ በታጠበ የጃም ብልቃጥ አድርጌ ሰጠኋት። አንዱ ከሌላው እኩል አልከበበም፤ አንደኛው ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ይታያል። ሳቀች።

«ይኼማ ለሰው አይቀርብም!»

ብልቃጡ ቡፌ አልገባም። መኝታ ቤት፣ ራስጌዋ ካለው ኮመዲኖ ላይ ተቀመጠ። ማታ ማታ አንድ ትበላለች። አንዳንድ ቀን ሁለት በወረቀት ጠቅልላ ሥራ ቦታ ትወስድና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእሱ ትገድፋለች። በሁለተኛው ሳምንት እንግዶች መጡ፤ ቆሎ ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፤ ብልቃጡ ከመኝታ ቤት አልወጣም። ያማረ ቢሆን ኖሮ መውጣቱ አይቀርም ነበር። የእንግዶቹ ትንሽ ልጅ ስትዞር አገኘችውና ይዛው ሳሎን ከች አለች። «ይኼ የማነው?»

«የእኔ ነው» አለች ባለቤቴ።

ያንን ቃል በዚያ ቤት ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለልጅቷ አንድ ሰጠቻት፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችና ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰች። አማቴ ሲኒያቸውን እንደ ያዙ ቀና ብለው አዩዋት፤ ምንም አልተናገሩም። ማታ ግን ለራሳቸው አንድ ጠየቋት።

ከዚያ ወዲህ የካቲት በመጣ ቁጥር እሠራለሁ። ለማስዋብ ሞክሬ አላውቅም፤ ለምን እንደ ሆነ አሁን ይገባችኋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአይቮሪ ኮስትና በጋና የካካዎ ምርት በአየር ጠባይና በዛፍ በሽታ ተጎድቶ የአንድ ቶን ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። የእኛ ሰፈር ሱቅም ቆርቆሮውን አስወደደው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 7 ዓርብ ዋለ፤ እኔም አራተኛውን ማንኪያ ትቼ ሦስት ብቻ ጨመርኩ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን እንደ ጎረሰች ዐይኗን ጨፈነችና ትንሽ ቆየች።

«ካካዎ ሰስተሃል» አለችኝ።