አምባሰል ላይ ዶ-ሚ-ሶል አይሠራም!

ጊታር የምትሞካክሩ ልጆች፣ ይህቺን ገጽ ገልብጣችሁ እንዳታልፏት! የምጽፈው ሶሎ ሲመጣ ጣቱ ስኬል ላይ ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ “አሁን ምን ልጫወት?” ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ነው። የምኖረው ወረታ ነው። አዎ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልበት፣ በሩዙ የታወቀው ወረታ። በሠርግ ወራት ጊታር እጫወታለሁ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት ግን ሠርግ የለም፤ ቤት ተቀምጦ መለማመድ ብቻ ነው።

የፈረንጅ መጻሕፍት “መድኃኒቱ አርፔጂዮ ነው” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አርፔጂዮ ማለት የኮርዱን ድምፆች አንድ ላይ ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ እየለቀሙ መጫወት ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ስኬል መንገዱን በሙሉ ያሳያችኋል፤ አርፔጂዮ ደግሞ የት የት አረፍ እንደሚባል ይነግራችኋል። ማረፊያውን ያወቀ ሰው ከራሱ አፍልቆ ለመጫወት አይፈራም።

ግን ቆዩ! መጻሕፍቱ የተጻፉት ሰባት ድምፅ ላለው ስኬል ነው። የኛ ቅኝት አምስት ነው። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ ውስጥ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ ይወጣሉ። ሁለቱ በደንብ ከገቧችሁ ብዙ ያስኬዷችኋል።

ጉዱ ያለው አምባሰል ላይ ነው። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። ሚ የለም፣ ሚ ፍላትም የለም! ስለዚህ ቤቱ ዶ ሆኖ ሳለ በዶ ላይ የሚቆም አርፔጂዮ ከቅኝቱ አይገኝም። ዶ-ሚ-ሶል ብላችሁ ከለቀቃችሁት ቅኝቱ ፈረሰ፤ ሠርገኛውም ኖታ ባያውቅ ጆሮ አለው። የሚወጡት ሬ ፍላት-ፋ-ላ ፍላት እና ፋ-ላ ፍላት-ዶ ናቸው። በነሱ ዞር ዞር ብላችሁ መጨረሻ ላይ ዶ ላይ ታርፋላችሁ። (አንቺሆዬን ለሌላ ቀን ልተወው፤ ራስ ያዞራል።) ሙላቱ አስታጥቄም አሜሪካ በርክሊ ተምሮ የኛን ቅኝት ከጃዝ ኮርድ ጋር ሲያጋባ ትልቁ ሥራ ይኸው ነበር፤ ኮርዱ ቅኝቱን እንዳይውጠው።

አንዱን ትልቅ ልምምድ ያገኘሁት ግን ሠርግ ላይ አጠገቤ ከተቀመጡ ማሲንቆ መቺ ሽማግሌ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ብቻ ናት፤ ኮርድ የሚባል ነገር የላትም። እሳቸው ግን እዚያው ግጥም እየፈጠሩ በየስንኙ መሃል ያናግሯታል። “አንተ ልጅ፣ ስድስት ክር ይዘሃል፤ እስቲ ባንዷ ብቻ ተጫወትልኝ” አሉኝ። ሞክሩት! አርፔጂዮ በአንድ ክር ሲሆን ጣት ሩቅ መዝለል አለበት፤ ሲዘል ደግሞ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆናል።

አሁን እንዲህ የሚያደክመኝን ልንገራችሁ። የምወዳት ልጅ አለች። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ “ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም” ብለው መለሱልኝ። አዝማሪ የሌለበት ሠርግ አይደምቅም፤ አዝማሪን ለዝምድና ሲሆን ግን እንቢ! ይኼ ነገር እስካሁን አልገባኝም።

ሩዙ ታጭዶ ጥር ሲገባ የእህቷ ሠርግ ነው። እኔንና ሽማግሌውን የቀጠረን የሙሽራው ወገን ስለሆነ አባትየው ሊያስቀሩኝ አይችሉም። አምባሰል ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ እንደሚያቀር ልጅቷ ነግራኛለች። እስከዚያ ድረስ መብራት ኖረም ጠፋም ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ክር፣ ሁለት አርፔጂዮ፣ በእግሬ እየመታሁ ቀስ ብዬ።

እናንተ ብትሆኑ አምባሰሉን ፊታቸው ቆማችሁ ትጫወቱት ነበር ወይስ ወደ ሙሽሮቹ ዞራችሁ? እስቲ ምከሩኝ።