አምፖሉን እያየሁ

ላፕቶፔ እስኪነሣ ቡናው በረካ ይደርስ ነበር። ዛሬ ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ክሎንዚላ በሚባል ፕሮግራም እየገለበጥኩት ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ፣ አዲሱ 512፤ ክሎንዚላ በተለመደው አሠራሩ መድረሻው ከምንጩ እንዲያንስ አይወድም።

እኛ ሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር ዓይን ከስክሪኑ ይልቅ አምፖሉን ነው የሚያየው። መብራት ቢሄድስ? ደግነቱ አሮጌው ይነበባል እንጂ አይነካም፤ ከተቋረጠ እንደገና መጀመር ነው።

ስጠብቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትዝ አለኝ። የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራና፣ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው ሚኒሶታ ድረስ ሄዷል፤ ዋናው ግን እዚሁ ገዳሙ ነው። እኔም አሮጌውን ዲስክ ቶሎ ፎርማት አላደርግም።

97 በመቶ ደርሷል። ሲያልቅ ባዮስ ገብቼ የማስነሻ ተራውን ወደ አዲሱ ማዞር ብቻ ነው የሚቀረኝ።