የሌሊቱን ንገረኝ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከሚኖር ሐበሻ ቤት በመጋቢት ወር ብትገቡ፣ መስኮቱ ሥር ተደርድሮ የምታዩት አበባ እንዳይመስላችሁ። በርበሬ ነው። በእርጎ ዕቃ፣ በእንቁላል ካርቶን፣ አንገቱ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ የበቀለ በርበሬ። ከጎኑ ቲማቲም፣ ከቲማቲሙ ጎን በሶብላ። በየካቲት መጨረሻ የተዘራው ዘር ቤቱ ስለሚሞቅለት በሁለት ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ የእሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ "እዚያ ጋ አትቀመጥ፣ ችግኝ አለ" ይባላል። በዚሁ የተነሣ ቡናውን ቆሞ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ።

መቼም በርበሬን የመሰለ ስደተኛ የለም። በትውልዱ የዚሁ ክፍለ ዓለም ተክል ነው። ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ማረቆና አላባ ላይ መሬት ይዞ፣ ያለ እሱ ወጥ መሥራት እስኪያቅተን ድረስ ቤተኛ ሆነ፤ አሁን ደግሞ በዛላው ሆኖ የሐበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወደ መነሻው ተመልሷል። ችግሩ ሜሪላንድ ሜክሲኮ አለመሆኗ ነው። ብርዱ "አገርህ ገባህ" ብሎ አይምረውም።

ጓሮ ያላቸው ሰዎች ታዲያ ትንሽ ግሪንሀውስ ይሠራሉ። ግሪንሀውስ ስል በአገር ቤት ጋዜጣ የምታዩትን የአበባ እርሻ እንዳታስቡ፤ በቧንቧ ላይ የተወጠረ ላስቲክ ነው፤ ማሞቂያ የለውም። ችግኙ ከሞቀው ሳሎን ተነሥቶ ወደዚህ መቼ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ነው በየዓመቱ ባልና ሚስት የሚያነታርከው።

እኔ ነገሩን በቅጡ የተረዳሁት ከአንዲት እናት ነው። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው "እማማ" የምንላቸው ናቸው። እማማ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከደጅ ወጡ ማለት አይቻልም። በረዶው ያንሸራትታል፣ ቋንቋው አይገባዎትም፣ አውቶቡሱን አያውቁትም እየተባሉ የብርዱን ወራት ማሞቂያው ሥር ነው የከረሙት። ልጃቸው ቀን ቀን ትሠራለች። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ቀን ይተኛል። እሳቸው "እንደምን አደርክ" ሲሉት እሱ ሊተኛ ነው፤ እሱ "እንደምን ዋሉ" ሲላቸው ሊወጣ ነው። አማትና አማች በዚህ ሰላምታ ብቻ አምስት ወር ኖሩ ብላችሁ አልተጋነነም።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሆነላችሁ። ጃፓን በ1912 እ.ኤ.አ. ለዋሽንግተን የሰጠቻቸው የቼሪ ዛፎች አብበዋል፤ ሰዉ ካፖርቱን ጥሎ በካናቴራ ወጥቷል። እኔም በዕለቱ እነሱ ቤት ነበርኩ። አማቻቸው የዕረፍት ቀኑ ነውና እጅጌውን ሰብስቦ ካርቶኖቹን ማንሣት ጀመረ።

"እማማ፣ ዛሬ ላወጣቸው ነው። ሙቀቱን አያዩትም?"

"ቀኑንማ አየሁት ልጄ። የሌሊቱን ንገረኝ።"

"የሌሊቱን?"

"አንተ አይደለህ እንዴ ሌሊት የምታድረው? የመኪናህ መስታወት ላይ ምን ነበር?"

ትንሽ አሰበ። "ከትናንት ወዲያ አመዳይ ነበረው። መፋቂያ ስላልያዝኩ በባንክ ካርዴ ነው የፋቅሁት።"

"በል መልሳቸው" አሉት።

እማማ ስለ ግሪንሀውስ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም። ነገር ግን ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል አይተው ያደጉ ናቸው። ላስቲክ ቤት ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር መውጫ ስለሌለው በሚያዝያ ፀሐይ በሩ ከተዘጋ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ማታ ግን አፈሩ የያዘው ሙቀት ስሱን ላስቲክ አልፎ ወደ ሰማይ ይበናል፤ ሊነጋ ሲል ከውጭው የሚለየው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ቀን ሰመራ፣ ሌሊት ደብረ ብርሃን ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላስቲክ ቤት ያደረ ሰው ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያስረዳችኋል።

ሰማዩም ወሳኝ ነው። ደመና ለመሬት ጋቢ ነው፤ የሚወጣውን ሙቀት ይመልሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ሲፈኩ፣ ነፋስም ጸጥ ሲል፣ ያን ጊዜ ነው ውርጭ የሚወርደው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ እንዲህ ነው፤ ሜሪላንድም በሚያዝያ እንዲሁ ነው። እማማ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት፣ ማንም ያልጠየቃቸው ዕውቀት ይህ ነበር።

ደግሞ በርበሬን ለመጉዳት የግድ ውርጭ አያስፈልግም። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ በለመድነው አቆጣጠር ከ50 ፋራናይት፣ በታች ከወረደ ይከፋዋል። ቲማቲም ትንሽ ይሻላል። በሶብላ ከሁሉም ይብሳል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል። (ጎመን ግድ የለውም፤ እሱን እዚህ አታንሡት።) የበርዳቸው ችግኞች ወዲያው ቢሞቱ እኮ ሌላ ይዘራ ነበር። አይሞቱም። አያድጉምም። ቅጠላቸው ገርጥቶ፣ ባሉበት ቆመው ሳምንታት ይቆጠራሉ፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የወጣው የጎረቤት በርበሬ ቀድሟቸው ያብባል። ቅዳሜን ለመቆጠብ ብሎ የቸኮለ ሰው ወር ይከፍላል። ይህን ስል ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ቅዳሜ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ጠፍቶኝ አይደለም።

ስለዚህ መለኪያው የሚሞቀው ቀን ሳይሆን የሚቀዘቅዘው ሌሊት ነው። ዝቅተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ግሪንሀውሱ ውስጥ በችግኙ ቁመት ይሰቀል፤ ጧት ጧት ይነበብ። ሳምንት ሙሉ ከ10 ካልወረደ ይውጡ። አንድ ሌሊት አይበቃም። ያም ሆኖ ተክሉ አይታመንም፤ ጨርቅ በእጅ መኖር አለበት።

ቀን በመቁጠር የሚሄዱም አሉ። "ከፋሲካ በኋላ" ይላል አንዱ። ፋሲካ ግን ይዘዋወራል፤ በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2017 ሚያዝያ 12። በርበሬው ባሕረ ሐሳብ አያውቅም። አሜሪካኖቹ የእናቶች ቀንን፣ የሜይ ወር ሁለተኛውን እሑድ ይጠብቃሉ። ጀርመኖች ደግሞ "የበረዶ ቅዱሳን" የሚሏቸው አሏቸው፤ ከሜይ 11 እስከ 15 የሚታሰቡ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ቅድስት ሶፊያ ሳታልፍ ስስ ተክል ሜዳ ላይ አያወጡም። ይህን ለእማማ ብነግራቸው "ታዲያ ልደታ አይደለች እንዴ!" አሉኝ። እውነትም ግንቦት ልደታ በፈረንጆቹ ሜይ 9 ናት። እነሱም እኛም ብርዱን የምንሸኘው በቅዱሳን ነው። ይህ ሁሉ ግን ለሜዳ ተከላ ነው፤ ላስቲክ ያለው ሰው ሌሊቱን እያየ፣ እየሸፈነ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቀድም ይችላል። ቦታውም ይለያያል፤ ሕንፃና ወንዝ ካለበት ከዲሲ መሀል ይልቅ ዳር ወጣ ያለው ሰፈር ውርጩ በሳምንታት ይዘገይበታል።

ሌላው ጣጣ ማለማመዱ ነው። ሳሎን ያደገ ችግኝ የሳሎን ልጅ ነው። ነፋስ ነክቶት አያውቅም፤ ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ስስ ነው። በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ብታወጡት ቅጠሉ ነጥቶ እንደ ወረቀት ይደርቃል። በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት፣ በማግሥቱ ትንሽ ረዘም ብሎ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት፤ እንዲህ እየተባለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይኬዳል። እዚህ አገር አዲስ የመጣን ዘመድ በሦስተኛው ቀን ሥራ የሚያስገቡ አሉ፤ "ቆይ ትንሽ ልመድ" እያሉ ዓመት ሶፋ ላይ የሚያቆዩም አሉ። የትኛው እንደሚብስ ሲከራከሩ ሰምቼ ዳኝነት ለመስጠት አልደፈርኩም።

እንግዲህ ችግኙን ጧት የሚያወጣ፣ ማታ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ልጅቷ ሥራ ናት፤ ባሏ ተኝቷል። ከእማማ በቀር ማን አለ? "ይበርድዎታል" ስትላቸው የነበረች ልጃቸው የምትለው ጠፋት። እማማ በቀን ሁለት ጊዜ ጓሮ ወጡ። በአጥሩ ማዶ የምትኖር የኤልሳልቫዶር ሴትዮ አለች፤ እሷም በርበሬ አፍልታለች። "ቺሌ" ትላለች በጣቷ እያሳየች። "በርበሬ" ይላሉ እማማ። በሳምንቱ በአጥሩ ላይ ችግኝ ተቀያየሩ። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ልጃቸው እስካሁን አልገባትም።

አማቻቸውም አመል አወጣ። ሊነጋጋ ሲል ገብቶ ከመተኛቱ በፊት እማማ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሌሊቱን ሪፖርት ያቀርባል። "ዛሬ ደመና ነበር እማማ፤ መስታወቱ ደረቅ ነው።" "ዛሬ በጣም ቀዝቅዟል፤ መሪው ራሱ አይያዝም።" እሳቸው ደግሞ ሻይ አፍልተው ይጠብቁት ጀመር።

ችግኞቹ ግሪንሀውስ የገቡት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሦስት ቀን እንደቆዩ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእማማ ስልክ ጮኸ። አማቻቸው ነው፤ ከአየር ማረፊያ ደጃፍ ተሳፋሪ እየጠበቀ።

"እማማ፣ ሰማዩ ጠርቷል። ነፋስም የለም።"

እማማ ተነሡ። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ የልጆቹን ትንንሽ ወንበሮች በችግኞቹ መሀል አቁመው፣ በላዩ የራሳቸውን ጋቢ ዘረጉበት። ልጃቸው ጧት ስትነሣ እናቷ ሹራብ ደርበው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ጋቢው የለም። በመስኮት አሻግራ አየችና ጮኸች፤ "እማዬ! ጋቢሽን አፈር ላይ?"

"ተዪው። ፀሐይዋ ስትሞቅ አነሣዋለሁ።"