መጀመሪያ ያየችው እናቲቱ ነበረች

በየቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። ምን እንደሚያስቸግራቸው ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ከፈተናው ይልቅ የቡድን ሥራውን ያነሣሉ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይቀራል፣ ሦስተኛው በመጨረሻው ሌሊት ብቅ ብሎ ስሙን ያስጽፋል። እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ይህንኑ አይቻለሁ። ነገር ግን ለማርክ ብቻ የማይሠራ የቡድን ሥራም አለ። ከወረቀቱ ባሻገር መልሱን የሚጠባበቅ ቤተሰብ ሲኖር፣ ተማሪዎቹ ቢሰንፉ የሚጎዳው የእነርሱ ውጤት ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ ከባለቤቴ ጋር በዋሽንግተን አካባቢ በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ያለች፣ የአካባቢ ምሕንድስና የምታጠና አንዲት ወጣት እህት ናት። የእርሷን ቡድን ሥራ ከመንገሬ በፊት ግን፣ እርሷ ራሷ አስቀድማ የነገረችንን የፍሊንት ከተማን ታሪክ ላካፍላችሁ።

የፍሊንት ውሃ

ፍሊንት በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የምትገኝ፣ በጊዜው 100,000 ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከዲትሮይት የሚመጣላትን የሐይቅ ውሃ ትታ የፍሊንትን ወንዝ መጠቀም ጀመረች። የወንዙ ውሃ ብረት ይበላ ነበር፤ ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ግን አልተጨመረበትም። ስለዚህ ውሃው በአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ውስጥ ያለውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት እየፋቀ ወደ ቤት ይዞት ይገባ ጀመር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጄኔራል ሞተርስ የሞተር ዕቃዎቹን ስላዛገበት ውሃውን መጠቀም አቆመ። ሰው ግን መጠጣቱን ቀጠለ!

ሊአን ዋልተርስ የምትባል የአራት ልጆች እናት የልጆቿ ገላ ሽፍታ ሲያወጣ፣ ከመንታዎቹም አንዱ እድገቱ ሲገታ ተመለከተች። ለባለሥልጣናት ስታመለክት ችግሩ የቤትሽ ቧንቧ ነው አሏት። የቤቷ ቧንቧ ግን ፕላስቲክ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ውሃዋ ሲመረመር ከአንድ ቢሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ 104 እጅ፣ ቀጥሎም 397 እጅ እርሳስ ተገኘበት። የአገሪቱ መንግሥት እርምጃ እንዲወሰድ የሚያዝዘው 15 ሲደርስ ነበር።

ዋልተርስ በመጨረሻ ያገኘችው ሰው የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ ነው። ይህ ሰው ለእኛ ለዋሽንግተን ነዋሪዎች እንግዳ አይደለም። በ2000 መጨረሻ በከተማችን የውሃ ማከሚያው ኬሚካል ሲቀየር እርሳስ ከቧንቧዎቹ እየለቀቀ እስከ 2004 ድረስ ብዙ ቤቶችን በክሎ ነበር፤ ያንን ከመረመሩት አንዱ እርሱ ነው።

ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን ሰበሰበ። አብዛኞቹ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚማሩ ነበሩ። 300 የናሙና ጥቅሎችን አዘጋጅተው ላኩ፣ በኦገስት 2015ም በመኪና ረጅም ጉዞ ተጉዘው ፍሊንት ገቡ። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ የሚሞላው ውሃው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረ በኋላ እንደተከፈተ፣ ሁለተኛው ከ45 ሰከንድ በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ እርሳሱ ከማጠቢያው ቧንቧ ይሁን ወይስ ከመንገድ ከሚገባው መስመር ለመለየት ይቻላል። ጥቅሎቹን ለየቤቱ ያደሉትና የሰበሰቡት፣ ጠርሙሶቹንም የሞሉት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከ250 በላይ ጥቅሎች ተሞልተው ተመለሱ። ተማሪዎቹ ቀንና ሌሊት መርምረው ውጤቱን ወዲያውኑ ለሕዝብ አሳወቁ፦ በከተማዋ ውሃ ውስጥ በእርግጥ እርሳስ አለ!

በሴፕቴምበር 2015 ሞና ሃና-አቲሻ የተባለች የሕፃናት ሐኪም፣ በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት ቁጥር ማደጉን ይፋ አደረገች። በኦክቶበር ከተማዋ ወደ ቀድሞው ውሃ ተመለሰች። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የፍሊንት መጋቢዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ቆመና በማርች 2017 ቧንቧዎቹ እንዲቀየሩ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። በ2025 ወደ 11,000 የሚሆኑ የእርሳስ ቧንቧዎች መቀየራቸው ተነገረ። መጋቢ መስበክና መጸለይ ብቻ ሳይሆን መንጋው ስለሚጠጣው ውሃም እንደሚገደው ይህ አያሳይምን? የኢያሪኮ ሰዎች ስለ ውሃቸው ክፋት ሲያመለክቱ ኤልሳዕ በመጀመሪያ ያደረገው እነርሱን መስማት ነበር።

የእኛ ቤት ጉዳይ

ያች እህት ይህን ታሪክ ካጠናች በኋላ ከሦስት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ለአንድ ኮርስ የቡድን ሥራ ሲታዘዙ፣ በምእመኖቻችን አሮጌ ቤቶች ውስጥ ያለውን ውሃ ለመመርመር ተስማሙ። ባለቤቴ ከአምልኮ በኋላ አስታወቀና አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ፈቃደኛ ሆኑ።

ከእነርሱ መካከል የአምስት ወር ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ ለልጇ የዱቄት ወተት የምትበጠብጠው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ በሚቀዳ ውሃ ነው። “እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃው ደቃቅ ነገር ይዞ ይወርዳል” ትለኝ ነበር። ባሏ ደግሞ፣ “አሜሪካ መጥተሽ ውሃ ትፈሪያለሽ?” እያለ ይስቅባት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ተጨማሪ ጭንቀት ለመሸከም አቅም ያጣ ሰው ነበረ።

ውጤቱ ሲመጣ አሥራ አንዱ ቤት ደህና ሆነ። በእነዚያ ባልና ሚስት ቤት ግን የመጀመሪያው ጠርሙስ 31 አሳየ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ዝቅተኛ ነበሩ። ሪፖርቱ የሚገባው በአራተኛው ቀን ነው። ከቡድኑ አንዱ፣ “ይህ የናሙና ስህተት ነው፣ እንተወው፤ አሥራ አንዱ በቂ ነው” አለ። ሌላዋም ተስማማች። እህታችን ግን፣ “ይህን ወተት የሚጠጣ ሕፃን አለ። ስህተት ከሆነ ደግመን እናረጋግጥ” ብላ ጸናች። በማግስቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ቧንቧውን ሳይከፍት ከቤታቸው ደረሰች። እንተወው ያለውም ወጣት አብሯት መጣ። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ብዙም አልራቀም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ብቻ ከፍ ማለቱ ጥፋቱ ያለው በወጥ ቤቱ አሮጌ ቧንቧ ላይ እንጂ በመንገዱ መስመር ላይ አለመሆኑን አመለከተ። ባልየው በዚያው ሳምንት ቧንቧውን አስቀየረ፣ ማጣሪያም ገዛ። ሕፃኑ ደሙ ተመርምሮ ሐኪሙ የሚያሰጋ ነገር አላገኘበትም። ጌታ ይባረክ! ባልየው ግን ከሁሉ በላይ የከበደውን ለባለቤቴ ሲነግረው፣ “ሚስቴ ለአራት ወር ነገረችኝ፤ የሰማሁት ወረቀት ሲመጣ ነው” አለ።

ባለትዳሮች ሆይ

በፍሊንት ሆነ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ያየችው እናቲቱ ነበረች። የተማሪዎቹ ዕውቀት የጠቀመው ይህን ንግግሯን ከቁም ነገር ቆጥረው መለካት ስለጀመሩ ነው። መለካት ለሁለቱም ይጠቅማል። የፈራው ሰው ልክ ከሆነ ቤቱ ይድናል፤ ልክ ካልሆነም ያለ ንቀት ያርፋል። ወንድሜ ሆይ፣ ባለቤትህ በቤታችሁ አንድ ነገር ልክ አይደለም ስትልህ ከመሳቅህ በፊት አብረሃት እይ። እህቴ ሆይ፣ አንቺም ያየሽውን በቀንና በሰዓት ጽፈሽ አቅርቢ።

በአሮጌ ቤት የምትኖሩ ደግሞ እነዚህን አትርሱ። እርሳስ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጣዕምም ሽታም የለውም። ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያስወግድም፤ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የሚያስቸግረውን ፍሎራይድንም እንዲሁ። ለመጠጥና ለምግብ ቀዝቃዛውን ውሃ ቅዱ፣ ጠዋት ጥቂት አፍስሱት፣ ለእርሳስ ተብሎ የተመሰከረለት ማጣሪያ ግዙ፣ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁም የደም ምርመራ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለሕፃን ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለምና።