የወፍ ጉብኝት መንገዱ ከሽምብራው ማሳ ይጀመር

የፎገራና የአካባቢው አርሶ አደሮች! ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሩዝ ማዳበሪያም ስለ ሽንኩርት ተባይም አይደለም፤ ስለ ወፍ ነው። «ወፍ ደግሞ ምን ይፈይድልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ አንብቡትና ከዚያ ተቆጡኝ።

በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በእኛው ሜዳ፣ የወፍ ጉብኝት መንገድ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። እኔም እደግፈዋለሁ። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያለባት ናት፤ እነሱን ለማየት ብቻ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ። ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ደግሞ ወረታን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እንግዳው በደጃችን ያልፋል ማለት ነው፤ የጠፋው ቆም የሚያደርገው ነገር ነው።

ታዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ታፔላ፣ ስለ ማማና ስለሚያማምሩ ፎቶዎች ብቻ ይሆንብኛል። ወፎቹ የማንን እህል በልተው እንደሚያድሩ የሚያነሣ የለም።

ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ የሚመጡትን ግራጫ፣ እግረ ረጃጅምና አንገተ ረጃጅም ወፎች ታውቋቸዋላችሁ። ባለሙያዎቹ ክሬን ይሏቸዋል። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ብርዱን ሸሽተው በሺዎች ሆነው ነው የሚመጡት። ሌሊቱን አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ መንጋ መንጋ እየሆኑ፣ እየጮኹ ወደ ማሳ ይወጣሉ። እኛ ለምደነው ቀና ብለን አናየውም እንጂ፣ እንግዳው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ከእነዚህ ሌላ ከእኛው ጋር ከርመው የሚበጁ ሁለት አሉ። አንዱ ጥቁሩ፣ አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው ነው። ሌላው ከሁሉም ትልቁ፣ አንገቱ ነጭ ሆኖ ከጉንጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ነው። ይህ ትልቁ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወቅት ከአንድ ጫጩት በላይ አያሳድግም። አንድ ጎጆ ተረገጠ ማለት የዚያ ጥንድ ዓመት ባከነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሽምብራው ልምጣ። ክሬኖቹ ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀውን ጤፍና ሩዝ ቢለቅሙ ማንንም አይጎዱም፤ ነፍሳቱንም ይበሉልናል። ጉዳቱ ያለው አዲስ የተዘራ ወይም ገና ብቅ ያለ ሽምብራና ጓያ ላይ ሲያርፉ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ስለ ጉብኝት መንገዱ ብዙ ከተባለ በኋላ አንድ አዛውንት ተነሡና እንዲህ አሉኝ፦ «ስማኝ ልጄ፣ ወፏን ፈረንጁ ያያታል፣ አስጎብኚው ይበላባታል፣ የምታበላት ግን የኔ ሽምብራ ናት። ታዲያ እኔ የወፏ ምኗ ነኝ?» ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወፍ መንገድ በተነሣ ቁጥር ይህንኑ ጥያቄ ነው የማስቀድመው። ለእሳቸው መልስ የሌለው መንገድ ታፔላው ሳይዝግ ይዘጋል።

መልሱ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በእስራኤል ሑላ በሚባል ሸለቆ ይኸው ወፍ በብዛት ይከርማል፤ እዚያ አርፎ ወደ እኛ የሚቀጥልም አለ። እዚያም ገበሬው በወፉ ተማሮ ነበር። ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ? አንድ የተለየ ቦታ ከልለው በቆሎ ይበትኑለታል፤ ወፉ እዚያ ሲሰበሰብ የገበሬው ማሳ ያርፋል፣ ጎብኚው ደግሞ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ተጭኖ እዚያው ሄዶ ያያል።

እኛ በቆሎ ገዝተን እንበትን አልልም፤ ለልጆቻችንም አልተረፈን! ቃርሚያ ግን አለን። ማሳችሁ የሚዋሰን አምስት ስድስት ሆናችሁ ተነጋገሩ። ለማደሪያው ውሃ ቅርብ የሆነውን፣ የታጨደ አንድ ሁለት ጥማድ ለተወሰኑ ሳምንታት ሳታርሱና ከብት ሳታስገቡ ተዉት። ወፉን ከሽምብራው ላይ ልጆች በጩኸት ያባርሩት፣ ከቃርሚያው ላይ ግን ማንም አይንካው። ወፍ ሞኝ አይደለም፤ ሰላም ያገኘበትን ይለያል። መርዝ የነካው ዘር መበተን ግን ፈጽሞ አይታሰብም። ወፉን ብቻ ሳይሆን ዶሮአችሁንም ውሻችሁንም ይጨርሳል፤ ውሃው ውስጥ ከገባማ የባሰ ነው።

ያንን ማሳ የተወው ሰው ደግሞ ይከፈለው። ከእያንዳንዱ እንግዳ ክፍያ ላይ የባለማሳው ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ የዚያኑ ቀን በደረሰኝ እጁ ላይ ይግባ። ዓመት ጠብቆ በኮሚቴ የሚከፋፈል ገንዘብ መንገድ ላይ እንደሚቀር እናንተም እኔም እናውቃለን። የተረፈው ለአስጎብኚ ወጣቶች፣ ቡና ለምታፈላው እናት፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ይሁን። መመልከቻውም የብረት ማማ መሆን የለበትም፤ ከባሕር ዛፍና ከደንገል የተሠራ፣ ከወፉ ራቅ ያለ ዳስ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ውሃው ነው። ሸሸርንና ወላላን ተመልከቱ። በፓምፕ እየተጠጡ፣ ዳራቸው እየታረሰ ሽንኩርትና ሩዝ ሆነዋል። ሽንኩርቱ ጥሩ ብር አምጥቷል፣ አልክድም፤ እኔም ስለ ሽንኩርት ስመክራችሁ ነው የምውለው። ነገር ግን ውሃው በበጋ ሲያልቅ የሚሄደው ወፉ ብቻ አይደለም። አምባዛ በክረምት ጎርፍ ተከትሎ ወደዚያ ረግረግ ወጥቶ ነው የሚራባው። የፎገራ ከብትም በስሙ የታወቀው በዚያው ሜዳ ሣር ነው። እንግዲህ ለወፉ ብላችሁ የተዋችሁት ውሃ ለዓሣውም ለላሟም ነው። ፓምፕ ያላችሁ ተስማምታችሁ፣ ውሃው ከዚህ ምልክት በታች ሲወርድ እናቆማለን ብላችሁ አንድ ችካል ትከሉ። ባዶ የመርዝ ጠርሙስም ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ፣ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ ቦይ ውስጥ አይጣል።

«ሰላም በሌለበት ምን ቱሪስት አለ?» የምትሉኝም አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። መንገዱ ሲታወክ እንግዳ እንደሚቀር በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ በቱሪስት ተማምኖ ማረሻውን የሚሰቅል አይኑር፤ ለወፍ መንገድ ተብሎ ብድር የሚበደርም አይኑር። የቃርሚያው ስምምነትና የውሃው ችካል ግን እንግዳ ባይመጣም ይሠራሉ፣ ወጪያቸውም የለም ማለት ይቻላል።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለ ዘውዱ ወይም ጉንጩ ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ወፍ በክረምት ጎጆ የሚሠራበትን ጨፌ የምታውቁ፣ በተለይ እረኞቻችሁ ያውቃሉና ጠይቋቸው፣ ሰኔ ሳይገባ ጣቢያው ድረስ መጥታችሁ ንገሩኝ። እዚህ አስተያየት ላይ ግን ቦታውን አትጻፉ፤ እንቁላል የሚፈልግም ያነባል። በአካባቢያችሁ ወፎቹን በምን ስም እንደምትጠሯቸውም ንገሩኝ፣ እመዘግበዋለሁ።