«ወንድ ከወንድ ምን ያፋፍራል?»



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከመካነ ሰላም ለሚጽፍ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ መዋኛ ገንዳ ነው። ይበልጡን ግን ስለ ገንዳው ሳይሆን አጠገቡ ስላለችው ክፍል ነው፤ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው የዋና ቁምጣ ስለሚለብሱባት፣ ከዋና ሲወጡም ስለሚታጠቡባት የጋራ ክፍል። «እናንተ ደግሞ ስለ ገንዳ ምን አገባችሁ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ እኛ ዋና የለመድነው ወንዝ ውስጥ ነው። ግን የቦረናና የሳይንት ልጅ ዛሬ የሌለበት ከተማ የለም። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተማ ያሉ እህት ወንድሞቻችን ልጆቻቸውን ዋና ያስመዘግባሉ፤ ጥያቄው ደግሞ በስልክ እኛው ዘንድ ይመጣል።

መጀመሪያ ስለ ወንዙ ልንገራችሁ። ከእኛ ደጋ ወደ አባይ በረሃ የሚወርዱት ወንዞች በበጋ ቀጫጭን ናቸው፤ መታጠፊያቸው ላይ ግን ልጅ የሚያሰጥም ጥልቅ ቦታ ይሠራሉ። እረኛ ዋና የሚማረው እዚያ ነው። አስተማሪው በሁለት ዓመት የሚበልጠው ሌላ እረኛ፣ ልብስ መቀየሪያው ደግሞ ቁጥቋጦ ነው። ትንንሾቹ ራቁታቸውን ዘለው ይገባሉ፤ ማንም ምንም አይላቸውም። ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ቁምጣውን ሳያወልቅ ይገባል። ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ወዲያ ቦታው ከትልልቆቹ ጋር፣ ከላይኛው መታጠፊያ ነው። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ሌላ ነው፤ ወደዚያ የተጠጋ ወንድ ልጅ ጠጠር ይከተለዋል። ሽማግሌ ገላውን ሊታጠብ ሲወርድ ሽርጡን አይፈታም። ታጥቦ ሲወጣ ደረቁን ሽርጥ ከላይ አጥልቆ፣ ጫፉን በጥርሱ ይዞ፣ እርጥቡን ከሥር ይለቀዋል። እኛ ልጆች ሆነን ይህን አይተን ነው የተማርነው። ሰፊ ሜዳና ረጅም ወንዝ ስላለ ሁሉም የሚሸሸግበት አያጣም።

ወንዙን ለማሞገስ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላይ ዘንቦ ደራሽ ሲመጣ ዋና የሚችለውንም ይዞ ይሄዳል፤ የማይችለውማ ተስፋም የለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ለትምህርት የደረሱ ልጆች መሠረታዊ ዋና እንዲማሩም ድርጅቱ ይመክራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚያ በፊት የመጣ ምክር አለ። ከዑመር (ረ.ዐ) ነው እየተባለ የሚዞረውን፣ ሰነዱ ላይ ብዙ የተባለበትን ንግግር ልተወውና፣ ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዛዛታ ከማይቆጠሩት አራት ነገሮች አንዱ ዋና መማር መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልጁን ከዋና የሚያስቀር አባት ካለ፣ የጻፍኩት ለዚያ አይደለም።

የጻፍኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ። ባለፈው ክረምት ዋና ተመዝግቦ ሦስት ቀን ሄዶ ቀረ። አባቱ ውሃ ፈርቶ ነው አለ፤ እናቱ በርዶት ነው አለች። እኛ ጋ ሊከርም ሲመጣ ወንዝ ይዤው ወረድኩ። ልጁ ውሃ የሚፈራ አይደለም፤ ከእኛዎቹ ጋር ተወዳድሮ ሁለተኛ ወጣ። ማታ እራት ስንበላ፣

«ታዲያ ለምን ተውከው?» አልኩት።

«ዋናውን አልጠላሁትም አጎቴ። ልብስ መቀየሪያውን ነው።»

ቀስ እያልኩ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ክፍሉ አንድ ነው፤ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳ ላይ የተደረደረ ማንጠልጠያ፣ ከጥግ ደግሞ መጋረጃ የሌላቸው አራት ሻወሮች። የልጆቹ ሰዓት ሲያልቅ የትልልቆቹ ሰዓት ስለሚጀምር ልጆቹና ጎልማሶቹ እዚያው ይገናኛሉ። ጎልማሶቹ ራቁታቸውን ቆመው ያወራሉ። እርሱ ፎጣ አሸርጦ ሊቀይር ሲል ከልጆቹ አንዱ ፎጣውን ጎተተበት፤ ሌሎቹ ሳቁ። በማግስቱ ቁምጣውን ከቤት ለብሶ ሄደ፤ ሲመለስ ግን በእርጥብ ቁምጣው ላይ ሱሪ ለብሶ በታክሲ ተንቀጠቀጠ። እናቱ በርዶት ነው ያለችው ይህንን ነው። በሦስተኛው ቀን «ሴት ነህ እንዴ?» አሉት። አበቃ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። በኒ ኢስራኢሎች በጋራ ራቁታቸውን ይታጠቡ፣ አንዱም ሌላውን ያይ ነበር። ሙሳ (ዐ.ሰ) ግን ሐያእ የሚበዛባቸው ስለነበሩ ብቻቸውን ይታጠቡ ነበር። ሕዝቡ ምን አለ? ሐያእ ነው አላለም። ገላው ላይ የሚደብቀው በሽታ ቢኖር ነው አለ። ልብሳቸውን ይዞ ስለሮጠው ድንጋይ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚተረከውም ድንጋዩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከድንጋዩ በፊት ያለው ነው። ሰው ሁሉ ራቁቱን በቆመበት፣ የተሸፈነው ሰው ነው ነውረኛ ተብሎ የተጠረጠረው። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ «ሴት ነህ እንዴ?» ያሉት ልጆች አዲስ ነገር አላመጡም ማለት ነው።

በጥቅምት ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስሄድ ከአባቱ ጋር ሆነን ቦታው ድረስ ሄድን። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙ ቦታ እንዲሁ መሆኑን ከሌሎች ወላጆችም ሰምቻለሁ። አሰልጣኙ ደግ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ስንነግረው ሳቅ አለና፣

«ኡስታዝ፣ ወንድ ከወንድ ምን ያፋፍራል?» አለኝ።

ይህን አባባል ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም አፍ እሰማዋለሁ። ተማሪ ማደሪያ ውስጥ ይባላል፣ ወታደር ቤት ይባላል፣ አንዳንድ መድረሳ ውስጥም ይባላል። በሸሪዓችን ግን መልሱ ግልጽ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ወንድ የወንድን፣ ሴትም የሴትን ሐፍረተ ገላ ማየት ተከልክሏል። በእኛ አገር በብዛት የሚቀራው የሐነፊና የሻፊዒ ፊቅህ ጉልበቱ ራሱ ይግባ አይግባ በሚለው ቢለያይም፣ ወንድ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ያለውን ከወንድም ይሸፍናል።

«እርሱ ገና ልጅ ነው» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው መልስ ነው። ልጅነት አንድ ደረጃ አይደለም። የሐነፊ ኪታቦች አራት ዓመት ድረስ ያለውን ሕፃን ለይተው ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሐፍረቶች፤ እያደገ ሲሄድ እየሰፋ፤ አሥር ላይ ሲደርስ እንደ ትልቅ ሰው። ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ የታዘዘውም ለዚሁ ነው። እኔ ግን ቁርኣን የማስቀራቸውን ልጆች ሳይ ከዓመቱ ይልቅ አንድ ምልክት አምናለሁ፤ ልጁ ልብሱን ሲቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ቀን። አንዱ በስድስት ዓመቱ ያዞራል፣ ሌላው በዘጠኝ። ያን ቀን ሐያእ ራሱ መጥቶለታል። አላህ የሰጠውን ነገር «ና ዙር፣ ምን ያፋፍርሃል» ብሎ መንጠቅ ምን የሚሉት ማሳደግ ነው?

በዚህ ላይ ልጁ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነው። ሱረቱ ኑር ቁጥር 58 ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሦስት ሰዓቶች፣ ከፈጅር በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ ሲወልቅና ከዒሻ በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ ወደ ትልልቆች እንዳይገቡ ታዟል። የገዛ አባቱን እንኳ በዚያ ሁኔታ እንዳያይ የተጠበቀ ልጅ፣ የማያውቀው ጎልማሳ ራቁቱን ቆሞ ሲያወራ አጠገቡ ሆኖ ጫማውን እንዲያስር ይደረጋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስለዚህች አንቀጽ ተጠይቀው የመለሱትን አቡ ዳውድ ዘግበዋል፤ አንቀጹ የወረደው ሰዎች ለቤታቸው መጋረጃ ባልነበራቸው ጊዜ እንደነበር፣ በኋላ አላህ ሰፋ ሲያደርግላቸው መጋረጃ እንዳገኙ አስረድተዋል። ይህን ስቀራ ሁሌ የሚመጣብኝ ያ ጨርቅ ነው። ሰሐቦቹ ሲቸገሩ ያልነበራቸው፣ ሲያገኙ የሰቀሉት መጋረጃ። ዋናተኛ የሚያስከፍል ገንዳ አራት ሻወር ላይ አራት መጋረጃ መስቀል ያቅተዋል?

ስለ ሴት ልጆችም የሚነሳ አለ። እናት የስምንት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ሴቶች መቀየሪያ ትገባለች፤ ብቻውን ወንዶቹ ጋ ብትልከው ትፈራለች፤ ፍርሃቷም ልክ ነው። እዚያ ውስጥ ግን የክፍል ጓደኛው የሆነች ልጅ ልብሷን እየቀየረች ሊሆን ይችላል። አባት ሴት ልጁን ሲያመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በር ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ወላጅና ልጅ ብቻ የሚገቡባት፣ ይህን ሁሉ ትፈታለች። እስክትሠራ ድረስ ወንዱን ልጅ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ቢወስደው ይሻላል። አጎቶች፣ ይህ ለእኛ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስልክ ነው። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቪዲዮ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ሰውዬው ኳስ እያየ ይሆናል፤ ካሜራው ግን ወዴት እንደዞረ ልጁ በምን ያውቃል? ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ላይ የልጅ ግላዊ ሕይወት እንዳይደፈር ይከለክላል። ይህ መብት የወላጅ ሳይሆን የልጁ የራሱ ነው፤ አባት ራሱም ልጁ ሲታጠብ ያነሳውን ፎቶ «ታዩልኝ ጎበዜን» ብሎ ሲለጥፍ ይነካዋል። ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ስልክ ከቦርሳ አይወጣም የሚል ወረቀት በር ላይ ለመለጠፍ ደግሞ በጀት አያስፈልግም።

ወደ አሰልጣኙ ልመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሜዳ ላይ ሳይሸፈን የሚታጠብ ሰው ባዩ ጊዜ ሚንበር ላይ ወጥተው አላህ ሐያእንና መሸፈንን እንደሚወድ ተናገሩ፤ የሰውየውን ስም ግን አልጠሩም። እኛም ክርክር አላነሳንም። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነበር፤ መጋረጃ፣ የስልኩን ማስታወቂያና ልጆቹ ወጥተው እስኪያልቁ ትልልቆቹ ሩብ ሰዓት እንዲጠብቁ። መጋረጃው የባለቤቱ ጉዳይ ነው አለን። ማስታወቂያውን እዚያው በእጁ ጻፈው። ሩብ ሰዓቱን «ደንበኛ ይቆጣል» ብሎ ትንሽ አንገራገረና አሥር ደቂቃ አደረገው። በመጨረሻ እንደ ምስጢር ጠጋ ብሎ፣ እርሱም ልጅ ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲቀይር መጨረሻ የሚወጣው ሆን ብሎ እንደነበር ነገረኝ።

እኛስ? ልጆች ጁሙዓ ጠዋት መስጊድ ውስጥ ገላቸውን የሚታጠቡበት ቦታ ከውዱእ ማድረጊያው ጋር ተያይዞ ገላጣ የሆነበት ስንት መስጊድ አለ? ደረሶች ተሰብስበው የሚያድሩበት መድረሳስ? የእኛው መስጊድ ጓሮ ላይ አሁን ሽቦ ተወጥሮ ሸራ ተሰቅሏል፤ ሁለት ልጅ የሚያስገባ ሦስት ቦታ ሆኗል። ሸራው ከጀማዓው አንድ ነጋዴ የሰጠን የእህል መሸፈኛ ነው። ነፋስ ሲነሳ ይገለበጣል፤ ከሥሩ ድንጋይ አስረንበታል።

ለእህቴ ልጅ ያደረግነው ደግሞ ይኸው ነው። ገበያ ላይ አንድ ሽርጥ ገዛሁ። የትልቅ ሰው ሽርጥ ለልጅ ይረዝማል፤ ሲረግጠው ይወድቃል። ልብስ ሰፊው ለሁለት ቆርጦ፣ ጎኑን ገጥሞ፣ አፉ ላይ ላስቲክ አስገባበት። ልጁ ሲፈልግ ወገቡ ላይ፣ ሲፈልግ አንገቱ ላይ አጥልቆ ከውስጥ ይቀይራል። ላስቲክ ስላለው የሚጎትት ቢመጣም አይለቅም። ከአሁን በፊት የወንዝ ዳር ሽማግሌዎች በጥርሳቸው ይዘው የሚያደርጉትን አሳየሁት፤ በጣም ሳቀ፣ ግን ቶሎ ያዘው።

ዋናውን ቀጥሏል። መጀመሪያ ቀን «ቀሚስ ለበሰ» ብለውት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ልጆች የት እንደሚሸጥ ጠየቁት። እናቱ ደውላ ሁለት እንድልክላት አዛኛለች፤ ሽርጡን ገዝቼ ልብስ ሰፊው ዘንድ ትቼዋለሁ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል ብሎኛል ኢንሻአላህ።