በእግር ወደ ዋሻ ሚካኤል

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው የየካ ተራራ በእግራችን ወጣን። ዳገቱ ያደክማል፤ እያረፍን ሄድን። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ሲወርዱ መንገድ ለቀቅንላቸው።

ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። የዛፉ አገር አውስትራልያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ቆይቶ ማገዶ አለቀና ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታሰበ። ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አደገ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች።

በዛፉ መካከል ዋሻ ሚካኤልን አየን። ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የጣራው ከፊል ፈርሷል፤ ዝናብ ይገባበታል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህ ቢፈርስ ግን ማን ይተካዋል?

እንግዲህ ፊደል ቆጥረናል። ስማችንን በደብተራችን እንጻፍ፤ በግድግዳው ላይ አንቅረጽ።